የጠመንጃው እንጨት ከየት መጣ?

አሮጌ የአደን ጠመንጃ እጁ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። የፋብሪካው ስም፣ ተራ ቁጥሩ፣ የፍተሻ ማኅተሙ እዚያ ተቀርጾ ይገኛል። እንጨቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የለበትም። ስለዚህ ባለቤቱ ብረቱ የጀርመን ከሆነ እንጨቱም የጀርመን ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። እንጨት ይሰነጠቃል፣ ዘይት ጠጥቶ ይላሽቃል፣ ክንዱ አጭር ለሆነ ሰው ተብሎ ይቆረጣል። ብረቱ ምንም ሳይሆን እንጨቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱን ምንጭ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠመንጃውን የያዙትን ሰዎች ታሪክ ይበልጥ የሚናገረው ደግሞ እንጨቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ የአሜሪካ አዳኞች ጠመንጃ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ 1903፣ የጀርመኑ ማውዘር 98 እና ወታደሮች ከፓሲፊክ ይዘውት የተመለሱት የጃፓኑ አሪሳካ በርካሽ ይገኙ ነበር። ብረታቸው ለአጋዘን አደን ከበቂ በላይ ነው። እንጨታቸው ግን ከባድና እስከ አፈሙዙ አካባቢ የሚዘልቅ፣ ለጦር ሜዳ የተሠራ ነበር። ሚዙሪ ውስጥ ዋርሶ የምትባል ትንሽ ከተማ በዚህ ምክንያት ስም አወጣች። ፋጀን እና ቢሾፕ የተባሉት ሁለት እንጨት ሠሪ ድርጅቶች የነበሩት እዚያ ነው። ቅርጹ በማሽን የወጣለትን፣ ማጠናቀቁ ግን ለገዢው የተተወውን እንጨት በፖስታ ይልኩ ነበር። ገዢው በመሮና በብርጭቆ ወረቀት ከብረቱ ጋር ያገጥመዋል። እንዲህ ነው በጀርመን ብረት ላይ የሚዙሪ እንጨት የተቀመጠው፤ የመጨረሻው ሠሪ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው።

መርማሪው ከሁሉ በፊት ጥይት አለመኖሩን ያረጋግጥ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ብርሃን ላይ ያጋድመውና ቅርጹን ይይ። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች መስመር ቁጥብ ነው፤ ላዩ በተልባ ዘይት ደጋግሞ የታሸ፣ የፊተኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ በጥቁር እንጨት ወይም በቀንድ የተዘጋ። ጀርመኖችና ኦስትሪያውያን የፊተኛውን ጫፍ እንደ ወፍ ምንቃር ወደ ታች ማጠፍ ይወዳሉ። ከኦስትሪያዋ ሽታየር የወጣው የ1903ቱ ማንሊሸር ሾናወር ካርባይን ደግሞ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ይሄድና ጫፉ በብረት ቆብ ይዘጋል። ጉንጭ የሚያርፍበት ከፍ ያለ ጉብታ፣ መስተዋት የሚመስል ቫርኒሽ፣ በጥቁሩ የፊት ጫፍና በቀሪው እንጨት መካከል ቀጭን ነጭ መስመር ከታየ ሐሳባችን ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዳል። ይህን መልክ እ.ኤ.አ. በ1945 እዚያ የተመሠረተው ዌዘርቢ የተባለ የጠመንጃ ድርጅት አስፋፋው፣ ሌሎችም ተከተሉት። እጅ የሚይዝበት ላይ ያለው የመረብ ቅርጽም ይመሰክራል። በእጅ የተቆረጠ ከሆነ ነጥቦቹ ሹል ናቸው፣ አልፎ አልፎም መስመር ያለፈ ጭረት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንዳንድ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ቅርጹን በጋለ ብረት መጫን ጀመሩ፤ ያ ዓይነቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሲዳሰስም እጅ አይዝም።

ቅርጽ ግን ይኮረጃል፤ ስለዚህ ወደ እንጨቱ ዓይነት እንለፍ። ዋልነት የሚባለው ዛፍ ሁለት ዓይነት ነው። የአውሮፓው ጥቋቁር ወይም ግራጫ ጅረት የሚታይበት፣ መደቡ ፈካ ያለ ነው። የአሜሪካው ጥቁር ዋልነት ቸኮሌት መሳይና ይበልጥ አንድ ወጥ ነው። ቢች በትናንሽ ጠቃጠቆዎቹ ይታወቃል፤ ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ በጦርነት ጊዜ አውሮፓ በብዛት ተጠቅማበታለች። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ዋልነት ትታ ስስ የእንጨት ንጣፎችን በኮላ አጣብቃ መሥራት ጀመረች፤ የንጣፎቹ መስመሮች በግልጽ ይታያሉ። ፊንላንዶችና ሩሲያውያን በርች ይጠቀማሉ። አውስትራሊያ በሊትጎው ፋብሪካዋ ለሊ ኤንፊልድ ኮችውድ የተባለውን የሀገሯን እንጨት ተጠቅማለች። ቀለምን ብቻ ማመን ግን አይገባም። ቢች ዋልነት እንዲመስል ይቀለማል፣ ዕድሜና የእጅ ቅባትም ሁሉንም ያጠቁራል።

እውነተኛው ምርመራ የሚጀምረው ካቻቪቴ ሲወጣ ነው። ከሰደፉ ጀርባ ያለውን ሳህን ሲፈቱ ፀሐይም ዘይትም ያልደረሰበት ራቁት እንጨት ይገኛል፤ ዓይነቱ የሚለየው እዚያ ነው። ሳህኑ የተሸፈነበት ቦታ ላይ ወይም ብረቱ በተኛበት ቦይ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ የሠራተኛ ፊደል፣ የሠሪው ድርጅት ማኅተም ተደብቆ ይገኛል። ቁጥሩ ከብረቱ ቁጥር ጋር ከገጠመ እንጨቱ አብሮት የተወለደ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ካልገጠመ ወይም ጭራሽ ከሌለ የቦዩን ግድግዳ ማየት ነው። ማሽን በጠረበው ግድግዳ ላይ እኩል እኩል የተከታተሉ የቅስት ምልክቶች ይተዋል፤ መሮ የተጠቀመ ሰው ደግሞ የተሰበሩ አጫጭር ገጽታዎችን። ሁለቱ አንድ ላይ ከተገኙ፣ ማሽኑ የቆፈረውን ሰው አስፍቶታል ማለት ነው፤ ያ በፖስታ የመጣው እንጨት ፊርማ ነው።

የማሽኑ ታሪክ ራሱ ሊነገር ይገባዋል። ከእሱ በፊት ጠማማውን ሰደፍ አናጺ በእጁ ይጠርበው ነበር። ቶማስ ብላንቻርድ የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1819 ያስመዘገበው ማሽን ግን ቁልፍ ቀራጭ ከአሮጌው ቁልፍ አዲስ እንደሚያወጣ ሁሉ ከብረት ሞዴል ላይ እየቀዳ ሰደፍ ያወጣል። ማሽኑ በስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሥራ ላይ ዋለ። ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ የዋርሶዎቹ ሠሪዎች በፖስታ የላኩት እንጨት የዚያ አሠራር ልጅ ነው።

አንዳንዱ እንጨት ደግሞ ጦር ሜዳ ውሎ በኋላ ለአደን የተቆረጠ ነው፤ ጠባሳውን ሊደብቅ ቢሞክርም አይችልም። በሰደፉ ጎን በሌላ እንጨት የተደፈነ ረጅም ቀዳዳ ካለ የጀርመኑ ካር 98 ኬ የማንገቻ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ሰደፉ ከፊተኛው እንጨት ተለይቶ በውስጡ በሚያልፍ ረጅም ብሎን ከተያዘ ሊ ኤንፊልድን አስቡ፤ የፊትና የኋላ እንጨቱም ከተለያየ ሀገር ሊሆን ይችላል። የአሪሳካ ሰደፍ ከላይና ከታች ሁለት ቁራጮች ተገጣጥመው የተሠራ ነው። ባለማወቅ ተሰብሮ ተጠገነ የሚሉት አሉ፤ ፋብሪካው እንዲያ ነው የሠራው። በአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ ግራ ጎን የፋብሪካው ተቆጣጣሪ ስም መነሻ ፊደላት በሳጥን ውስጥ ታትመው ይገኛሉ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ስናድርን፣ ውጅግራን፣ ለበንን የታጠቁ አያቶቻችን የተሸከሙት የእንግሊዝና የፈረንሳይ እንጨት ነበር። በኋላ የቤልጂግ ማውዘር መጣ፣ ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከወጣን በኋላም የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ እንዲህ ያሉ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ላሉ ሰብሳቢዎች ተሽጠዋል፤ ሰደፋቸው በቆዳ የተጠፈረ፣ በቆርቆሮ የተጠገነ፣ በምስማር ያጌጠ ይገኝባቸዋል። የውጭ ገዢ ይህን ጉድለት ብሎ ዋጋ ይቀንስበታል። በእኔ ፍርድ ግን ከብረቱ ማኅተም የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ጠፍሩ መለዋወጫ የማይገኝበትን ቦታና የአንድን የሀገር ባለሙያ እጅ ያሳያል። የአንድ ውጅግራ የተተካ ቁራጭ ዋንዛ ወይም ወይራ ሆኖ ከተገኘማ የእንጨቱ ምንጭ ግማሹ ፈረንሳይ፣ ግማሹ ኢትዮጵያ ነው ብሎ መጻፍ ይገባል።

የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ጠመንጃ በሕጋዊ ፈቃድ ቤት ውስጥ ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለማሳመር ብላችሁ እንጨቱን አትፋቁት፣ በቫርኒሽም አትሸፍኑት። ማኅተሙ፣ የእርሳሱ ጽሑፍና የመሮው ምልክት አንዴ ከተፋቁ አይመለሱም። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ሳህኑን ፈታችሁ ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሱት፣ ማን ከማን እንደተቀበለውም ከፎቶው ጋር ጻፉ።