ብር ሳይነካ ቀን የሚቀነስበት መዝገብ

የወር ደመወዝተኛ የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ፔሮሉ ላይ ምንም አይታይም። ደመወዙ 15,600 ብር ከሆነ የጥቅምትን ግማሽ ደሴ፣ እናቱ ቤት አሳልፎ ቢመለስም የጥቅምቱ ያው 15,600 ነው፤ ግብሩም፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮውም እንደወትሮው ይቀነሳሉ። ለሥራው አዲስ የሆነ የሂሳብ ሠራተኛ «ታዲያ እኔ ምን ልመዝግብ?» የሚለው እዚህ ላይ ነው። የሚመዘገበው ቀኑ ነው። ከፔሮሉ ጎን ሌላ መዝገብ አለ፤ የሚያዘውም በብር ሳይሆን በቀን ነው።

መነሻው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የቀድሞው አዋጅ፣ 377/1996፣ ከ14 ተነስቶ በየዓመቱ አንድ ይጨምር ነበር። ለጀማሪ አዲሱ ይሻላል፤ አምስት ዓመት ላይ ሁለቱም 18 ይሆናሉ፤ ከስድስተኛው ጀምሮ ግን አሮጌው ይበልጣል። ነባር ሠራተኞች ሲያጉረመርሙ ብሰማ አይገርመኝም። ዓመት ሳይሞላው የለቀቀ ደግሞ በሠራው ልክ ይታሰብለታል፤ ስድስት ወር ከሠራ 8 ቀን አለው።

ስህተት የሚበዛው «የሥራ ቀናት» የምትለው ቃል ላይ ነው። ጥምቀት ረቡዕ ቢውልና ሠራተኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ ፈቃድ ቢሞላ ከመዝገቡ የሚቀነሰው አራት ቀን እንጂ አምስት አይደለም፤ የበዓሉ ቀን ከመጀመሪያውም የእሱ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን በሚሠራበት ቤት ቅዳሜ ስንት ይቆጠር? አንዱ ሙሉ ይላል፣ ሌላው ግማሽ። ተስማምቶ በጽሑፍ ያላስቀመጠ ድርጅት በየዓመቱ ይጨቃጨቅበታል። ሕመም ግን ሌላ መዝገብ ነው፤ ደመወዙንም ይነካል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈላል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለክፍያ ናቸው።

«ፈቃዴን በብር ስጡኝ» የሚል አይጠፋም፤ በተለይ ትምህርት ቤት ሲከፈት። ሥራ ላይ ላለ ሰው አዋጁ ይህን ይከለክላል፤ ፈቃዱን ለመተው የሚፈረም ስምምነትም ዋጋ የለውም። ማዛወር ይቻላል፣ ግን ከሁለት ዓመት አያልፍም። ቀኑ ወደ ብር የሚለወጠው ውሉ ሲቋረጥ ነው።

በአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ሳለሁ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ለቀው ክሊራንስ ይዘው መጡ። በእሳቸው ቆጠራ ቀሪያቸው 12 ቀን ነው፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ኤክሴል 9 ይላል። ፋይላቸው ሲወጣ ጸድቆ የተቀመጠ የሦስት ቀን የፈቃድ ቅጽ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ይኸው ፈርመዋል እኮ» አልኳቸው።

«ፈርሜያለሁ ልጄ፣ ግን አልወጣሁም። ቆጠራ አለ፣ ቆይ ተባልኩና መጋዘን ዋልኩ።»

ቅጹን የሰረዘው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የጥበቃዎቹን የመግቢያ ደብተር አስመጣን፤ ሦስቱንም ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ገብተዋል። 12 ሆነ።

ቀጥሎ የቀኑን ሂሳብ ለማግኘት ደመወዛቸውን፣ እንደ ላይኛው ምሳሌ 15,600 ብርን፣ ማካፈሉ መጣ። አለቃዬ ወር 30 ቀን ነው ብሎ በ30 ሊያካፍል ፈለገ። እኔ 26 አልኩ፤ አሁንም እላለሁ። ፈቃዱ የተቆጠረው እሑድን ዘሎ ከሆነ እሑድን የያዘ ወር ማካፈያ ሊሆን አይገባም። አዋጁ ራሱ ለፈቃድ የሚያበቃውን አገልግሎት ሲያሰላ 26 የሥራ ቀንን እንደ አንድ ወር ይወስዳል። በ26 የቀን ሂሳባቸው 600 ብር፣ ድምሩ 7,200 ነው፤ በ30 ደግሞ 520 እና 6,240። ይህ ሁሉ ግብር ሳይቀነስ ነው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራክረን በ26 ተከፈለ። ሰውየው ምንም አላሉም። ክሊራንሳቸውን ሲያቀብሉኝ ግን ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ 960 ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት አየሁ።