ሕንፃ የሚጸናው በመገጣጠሚያው ነው

በግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሶ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሰነጣጠቀው። ነገሩም በአንድ ቀን አላበቃም፤ ተከታይ መንቀጥቀጦች ለወራት ሲመላለሱ ቆዩ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ውስጥ የሰርዶ ከተማ እንዲሁ ባለ አደጋ ፈረሰች።

አንባቢ ሆይ! ያው አውራ ጎዳና ደሴንና ወልድያን አልፎ ቆቦ ይደርሳል። ቆቦ የምትገኝበት የራያ ሜዳ በምዕራብ በደጋው ተራሮች፣ በምሥራቅ በዞብል ተራራ የታጠረ ነው። ሜዳው የተፈጠረው የአፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ተሰንጥቆ መካከሉ ወደ ታች በመስመጡ ሲሆን፣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በብዙ ዘመን ደለል ሞልቶታል። ለማሽላ የተስማማው ይህ አፈር ለቤት ግን ፈታኝ ነው፤ ለስላሳ ደለል ከጽኑ ዐለት ይልቅ ንውጽውጽታውን ያጎላዋልና።

ምድር ስትናወጥ ሕንፃን ይበልጥ የሚጎዳው ወደ ጎን የሚገፋው ኀይል ነው። ሕንፃው በከበደ መጠን ግፊቱም ይበረታል። ስለዚህ ከባድና የማይተጣጠፍ የድንጋይ ግንብ ቶሎ ይናዳል። በብረት ምሰሶና አግዳሚ የተዋቀረ ሕንፃ ግን ከድንጋዩ ይቀላል፤ ከዚህም በላይ ሳይሰበር ይጎብጣል። የቆቦ ገበሬ ልጅ ይህን ከእርሻው ያውቀዋል፤ እርጥብ የማሽላ አገዳ ነፋስ ሲመታው ያጎነብሳል፣ ደረቁ ግን ይሰበራል። ብረት እንደ እርጥቡ አገዳ ነው፤ በመጉበጡ የነውጡን ጉልበት ያደክመዋል።

ይሁን እንጂ ብረት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 በሜክሲኮ ከተማ በብረት የተሠራ ረጅም ፎቅ ወድቋል። በ1994 ደግሞ በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ውስጥ በኖርዝሪጅ በደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ የብረት ሕንፃዎች ቆመው ቢተርፉም፣ ምሰሶውና አግዳሚው በተበየዱበት ቦታ ላይ ተሰንጥቀው ተገኙ። ስንጥቁም በግድግዳና በልባስ ተሸፍኖ ስለ ነበር ከውጭ ሲታይ ደኅና ይመስል ነበር።

መሐንዲሶች ከዚህ ሁለት ትምህርት አገኙ። አንደኛው፣ ምሰሶው ከአግዳሚው ይበልጥ መጠንከር አለበት፤ አግዳሚውም ከመገጣጠሚያው ጥቂት ራቅ ብሎ እንዲጎብጥ በዚያ ቦታ ጠርዙን ቀነስ ያደርጉታል። ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው ነውጥ በኋላ ልባሱ ተገልጦ ብየዳው ሳይመረመር ሰው ወደ ሕንፃው መመለስ የለበትም። ተከታዩ መንቀጥቀጥ ከፊተኛው ቢያንስም፣ የሚያገኘው ቀድሞ የቆሰለ ሕንፃ ነውና።

በአገራችን ከተሞች ፎቅ በብዛት የሚሠራው በፌሮና በኮንክሪት ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ምሰሶና አግዳሚ በሚገናኙበት ቦታ ስታፋው ከሳሳ ሕንፃው በዚያው ይከዳል። አገራችን ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚደነግግ የሕንፃ ደንብ ካወጣች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ይሁን እንጂ ደንብ በመደርደሪያ ላይ ሆኖ ቤት አይደግፍም። ፕላን መርምሮ የሚፈርመው ወጣት ሹም ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ወደ ሥራው ቦታ ሄዶ ስታፋውን በዐይኑ ሊያይ ይገባዋል፤ ከፈሰሰ በኋላ ስሕተቱን የሚገልጠው መንቀጥቀጡ ብቻ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ብዙ ሕዝብም ቀዬውን ለቅቋል። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ዛሬም አልተኛም። አባቶች ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። በራያ ሜዳ ፎቅ የሚያቆም ሁሉ ከቁመቱና ከመስተዋቱ አስቀድሞ መገጣጠሚያውን ያስብ።