«መሬትዎ ለም ነው?» ስለ ዓይነታዊ ጥናት ክህሎትና ዝንባሌ ከወላይታ ገጠር አንጻር

ዓይነታዊ ጥናት በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ዘንድ ስታቲስቲክስ የሌለበት፣ ጥቂት ሰዎችን አነጋግሮ የሚጠናቀቅ ቀላል ሥራ ተደርጎ ሲቆጠር ይታያል። በወላይታ ገጠር ይህ ግምት ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ይፈርሳል።

«መሬትዎ ለም ነው?» የሚለውን እንመልከት። የወላይታ ገበሬ በቤቱ ዙሪያ እንሰትና ቡና የሚያለማበትን መሬት ዳርኳ፣ ራቅ ያለውን የእህል ማሳ ደግሞ ሾቃ ይለዋል። ዳርኳ የከብት ፍግና የቤት ጥራጊ ለዓመታት ሲጠራቀምበት የኖረ በመሆኑ አፈሩ ይደልባል፤ ፍግ እምብዛም የማይደርሰው ሾቃ ግን እየሳሳ ይሄዳል። እያሱ ኤልያስ በኪንዶ ኮይሻ ያካሄዱት የአፈር ለምነት ጥናት ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት እውነተኛ መልሶች አሉት። ብዙዎቻችን በወላይትኛ ጠይቀን፣ በአማርኛ ገልብጠን፣ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ ሁለቱም ቃላት በመጀመሪያው ግልበጣ «ማሳ» ከሆኑ የጥናቱ ዋና ግኝት እዚያው ጠፍቷል። በእኔ አስተያየት የተናጋሪው ቃል እስከ ትንተናው ድረስ ሳይተረጎም መቆየት አለበት።

ማን እንደሚመልስም ሊታሰብበት ይገባል። እንሰት መፋቅና ቆጮ ማብላላት የሴቶች ሥራ ነው፤ የትኛው ዝርያ ጥሩ ቆጮ እንደሚወጣው አባወራውን ብቻ መጠየቅ ባለሙያዋን መዝለል ነው። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እንግዳ ወንድ ሲጠይቃት ዝም ብትል ደግሞ ዝምታዋ አላዋቂነት አይደለም። ሴት ረዳት ይዞ፣ እንሰቱ በሚፋቅበት ሰዓት እዚያው ሆኖ ማዳመጥ ከመደበኛው ቃለ መጠይቅ የተሻለ ያስገኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አጥኚው በተጠያቂው ዓይን ማን እንደሆነ ማወቁ ነው። ዞኑ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ከሚሠራባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የቤተሰብ ቁጥርና የከብት ብዛት እየጠየቀ መዝገብ የሚሞላ እንግዳ የተረጂ መራጭ ቢመስል አይገርምም፤ ከቀበሌ ሠራተኛ ጋር ከመጣ ደግሞ መልሱ የሚሰጠው ለቀበሌው ነው። ሁለት በሬ ያለው ገበሬ አንድ ብቻ እንዳለው ቢናገር «ሐሰተኛ መረጃ» ብሎ መሰረዝ ችኮላ ነው፤ መልሱ ገበሬው ስለ እርዳታና ስለ መንግሥት ያለውን ግንዛቤ ይነግረናል። የጥናቱን ዓላማ፣ እርዳታ እንደማያስገኝም ጭምር፣ አስቀድሞ በግልጽ መናገር ግዴታ ነው። ቁጥሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጉብኝት ከተለወጠም ሁለቱንም፣ ከነቀኑና በቦታው ከነበሩት ሰዎች ጋር፣ በመስክ ማስታወሻው ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።