የላቦራቶሪ ምርመራ ንግድ ሲሆን

ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞን ወደ ግል ላቦራቶሪ ስንሄድ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚል ነው። ለታይፎይድ ዊዳል፣ ለታይፈስ ደግሞ ዌል ፊሊክስ የሚባሉት የደም ምርመራዎች ርካሽና ፈጣን ናቸው። ነገር ግን የሚያሳዩት ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነታችን ጀርምን ለመከላከል የሠራውን ነገር ነው። ስለዚህ በሽታው ካለፈ በኋላም ሆነ በሌላ በሽታ ጊዜ «ፖዘቲቭ» ሊሉ ይችላሉ። በአንድ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ ነው ብሎ መወሰን አይቻልም።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ላቦራቶሪው የሚያተርፈው በምርመራ ብዛት ነው። በሽተኛውን የላከው ሰው ኮሚሽን የሚበላ ከሆነ ደግሞ ምርመራው የሚታዘዘው ለጤና ሳይሆን ለኪስ ይሆናል። ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። የማያስፈልግ አንቲባዮቲክ እንወስዳለን፣ ወባው ወይም ሌላው ትክክለኛ በሽታ ሳይታከም ይቀራል፣ ጀርሞቹም መድኃኒቱን ይለምዱታል።

ሕጉስ ምን ይላል? እኛ ባለንበት በኬንያ የላቦራቶሪ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሕግ በተቋቋመው ቦርድ መመዝገብና ፈቃድ ማግኘት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኤች አይ ቪ ሕግ ደግሞ ማንንም ሰው ለሥራ፣ ለትምህርት ቤት መግቢያ ወይም ለጋብቻ ተብሎ አስገድዶ ማስመርመርን ይከለክላል። ውጤቱም የተመርማሪው ምስጢር ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ለጎረቤትም ለአስተማሪም አይነገርም።

እንግዲህ ስንመረመር እንጠይቅ፦ ይህ ምርመራ ለምን አስፈለገ? ፈቃዳችሁ የት አለ? ውጤቱን በጽሑፍ ትሰጡኛላችሁ? መጠየቅ ነውር አይደለም።