የማራዶና ፖርሽ ስንት ታወጣለች?

ቦንሃምስ የተባለው የእንግሊዞቹ ጨረታ ቤት ለመኪናዋ የሰጠው ግምት ከ150 ሺህ እስከ 200 ሺህ ዩሮ ነበር። በማርች 2021 በኢንተርኔት በተካሄደው ጨረታ ላይ ግን ዋጋዋ ግምቱን አልፎ ሄደ፣ ሄደ… 483 ሺህ ዩሮ ላይ ሲደርስ ቆመ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መኪናዋ ፖርሽ 911 ናት። የ1992 ሥሪት፣ ብርማ ቀለም፣ ጣሪያዋ የሚከፈት። ስትሸጥ 28 ዓመት አልፏታል፤ ቆጣሪዋም ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዟን ይመሰክራል። ከፋብሪካ ስትወጣ የተረከባት ሰው ዲያጎ አርማንዶ ማራዶና ይባላል።

ታዲያ የቦንሃምስ ሰዎች ሂሳብ አይችሉም ማለት ነው? ኧረ በጭራሽ! ያረጀ ቅንጡ መኪና መገመት የራሱ ሕግ ያለው ሙያ ነው፤ ሕጉም ለብዙዎቹ መኪኖች በደንብ ይሠራል። ማራዶና መኪና ላይ ያልተቆጠረው ነገር ምን እንደነበር ለማወቅ መጀመሪያ የተቆጠረውን ማየት ይሻላል።

ገማቹ በቅድሚያ የሚያየው የመኪናዋን ዘር ነው። ይህች ፖርሽ በባለሙያዎቹ አጠራር 964 ከሚባለው ትውልድ ናት። ስድስት ሲሊንደር፣ 3.6 ሊትር፣ 250 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ፖርሽ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላቸውን 911 መኪኖች መሥራት ያቆመው በ1998 ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ አንዱ ይጋጫል፣ አንዱ ይዝጋል፣ አንዱ ሀብታም ጋራዥ ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበታል። ፈላጊው በበዛ ቁጥር ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። በዚያ ላይ የማራዶናዋ ‹‹ቱርቦ ሉክ›› የሚሏት ዓይነት ናት። የኋላ ጎኗ ሰፋ ያለ፣ ፍሬኗና የጎማ ተሸካሚ ክፍሏ የታላቅ ወንድሟ የቱርቦው፣ ሞተሯ ግን ቱርቦ የሌለው። ቦንሃምስ እንደገለጸው በዚህ መልክ የተሠሩት 1,200 ብቻ ናቸው።

አብዛኞቹ ጣሪያቸው የሚከፈት ቅንጡ መኪኖች ግን ይህ ዕድል የላቸውም። ከሻጩ በር ሲወጡ ጀምሮ ዋጋቸው ቁልቁል ይወርዳል፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ውስጥም ግማሹን ያህል ያጣሉ። ከዚያ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ታች ተኝተው ይቆያሉ፤ ብዙዎቹም ከዚያ አይነሱም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መኪናው ቢረክስም መለዋወጫው አይረክስም። አዲስ ሳለ የሀብታም የነበረ መኪና ሲያረጅም ጋራዥ ሲገባ የሚጠየቀው የሀብታም ገንዘብ ነው። በኳስ ቋንቋ ሲነገር፣ የዝውውር ዋጋው የተጠባባቂ፣ ደመወዙ የኮከብ የሆነ የ33 ዓመት አጥቂ ማለት ነው። ማን ደፍሮ ይፈርማል? ገማቹም ስለዚህ የመግዣውን ብቻ ሳይሆን ቀጣዩ ባለቤት ለጥገና የሚያወጣውን ጭምር ከዋጋው ላይ ይቀንሳል።

ጣሪያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የሸራ ጣሪያ በፀሐይ ይደርቃል፣ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ከሆነ ይደፈርሳል። ጣሪያውን የሚያነሳው ሞተር ከደከመም ወጪው ቀላል አይደለም። ዋናው ጠላት ግን ውኃ ነው። በላስቲኩ ስር ሾልኮ የገባ ዝናብ ምንጣፍ ስር ተኝቶ ወለሉን ያዝገዋል፤ ከላይ መኪናው እንደ መስታወት ያበራል፣ ከታች ተበልቷል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገማች መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር የሚያብረቀርቀውን ቀለም ማድነቅ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ማንሳት ነው።

ብዙ ሰው ጣሪያው የሚከፈት መኪና ሁልጊዜ ከዝጉ ይበልጣል ብሎ ያስባል። አይደለም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በተሠሩት ፌራሪዎች ክፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። በእነዚህ ፖርሾች ላይ ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ ይገለበጣል፤ የፖርሽ ወዳጅ መንዳት የሚወድ ሰው ነውና ቦዲዋ ጠንካራ የሆነውን ባለ ጣሪያዋን ይመርጣል። በሌላ አነጋገር የማራዶና መኪና ጣሪያዋ በመከፈቱ የተለየ ጥቅም አላገኘችም። ይህም ሆኖ 483 ሺህ!

ቀጥሎ ወረቀት ይመጣል። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ይገጥማል? የሰርቪስ ደብተሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተሞልቷል? ባለቤቶቹ እነማን ናቸው፣ በመካከል የጠፋ ዓመት አለ? የቀለም ጉድለት በገንዘብ ይስተካከላል፤ የጠፋ ታሪክ ግን አይገዛም። ማራዶና ፖርሿን ከሴቪያ ሲለቅ ሸጣት። ከዚያ በማዮርካ ደሴት አንድ ሰው እጅ 20 ዓመት ያህል ቆየች፤ ቀጥሎም ፈረንሳይ ወደሚገኙ ሰብሳቢዎች አለፈች። ሰንሰለቱ አጭርና ያልተበጠሰ ነው። ለገማች ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

ማስረጃ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለመረዳት የዚያው ሰውዬ ማሊያ የገጠመውን ማስታወስ ይበቃል። በ1986ቱ የዓለም ዋንጫ ማራዶና እንግሊዝ ላይ ሁለቱን ጎሎች ሲያገባ የለበሰው ማሊያ ከጨዋታው በኋላ ለእንግሊዛዊው አማካይ ስቲቭ ሆጅ በልውውጥ ደርሶት ነበር። በ2022 ሶዝቢስ ለጨረታ ሲያቀርበው የማራዶና ልጅ ዳልማ ‹‹ይሄ አባቴ በመጀመሪያው አጋማሽ የለበሰው ነው›› የሚል ተቃውሞ አሰማች። ሁለቱም ጎሎች የገቡት ከዕረፍት በኋላ ስለሆነ አባባሏ እውነት ቢሆን ኖሮ ዋጋው አፈር በበላ ነበር። ጨረታ ቤቱ ማሊያውን ከጨዋታው ምስሎች ጋር አስተያይቶ ትክክለኛው መሆኑን አረጋገጠ፤ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ፓውንድ የተገመተውም ማሊያ 7.1 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ።

ይህ ሁሉ ከተጠና በኋላ ነው ቁጥር የሚጻፈው። ቁጥሩ የሚመጣው ደግሞ ሻጮች ከሚጠይቁት ሳይሆን ተመሳሳይ መኪኖች በእርግጥ ከተሸጡበት ዋጋ ነው። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። የኳስ ወዳጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በየክረምቱ ወኪሎች በጋዜጣ የሚያስወሩት ዋጋ ሌላ፣ ክለቦች ፈርመው የሚከፍሉት ሌላ።

እንግዲህ የቀረው ስሙ ነው። ማራዶና ይህችን መኪና የነዳው በ1992 መጨረሻና በ1993 ነው። ያን ጊዜ እሱ ራሱ ዋጋው አከራካሪ የሆነ ያረጀ ቅንጡ ዕቃ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1984 ከባርሴሎና ወደ ናፖሊ ሲሄድ የዓለም የዝውውር ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው፣ በኮኬይን ምክንያት የ15 ወር ቅጣት ጨርሶ፣ ወፍሮ፣ ናፖሊ አልመለስም ብሎ ተቀምጧል። ናፖሊ በነፃ አልለቅም አለ። ፊፋ በመሃል ገባ። በመጨረሻ ሴቪያ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። አሰልጣኙ በ1986 አብረው የዓለም ዋንጫ ያነሱት ካርሎስ ቢላርዶ ነበሩ፤ ቡድኑ ውስጥ ወጣቱ ዲያጎ ሲሞኔና ዳቮር ሹከር አሉ። ውጤቱ? 26 የሊግ ጨዋታ፣ 5 ጎል፣ ከቢላርዶ ጋር ጠብ፣ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ስንብት። ገንዘቡ ተመለሰ የሚል የሂሳብ ሠራተኛ ያለ አይመስልም፤ ያቺን ዓመት ግን የሴቪያ ደጋፊ ዛሬም ያወራታል።

ፖርሿም የዚያች ዓመት ቅርስ ናት። ጨረታ ቤቱ ሲያስተዋውቃት ማራዶና በከተማው ውስጥ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ ፖሊስ እንዳስቆመው ሳይጠቅስ አላለፈም። ለሌላ መኪና ይህ ነውር ነው፤ ገዢ ሲሰማ ‹‹ሞተሯን ጨርሷታል›› ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። እዚህ ግን ዋጋ ጨመረ!

ጊዜውም ሌላ ነገር ጨምሯል። ማራዶና ያረፈው በኖቬምበር 25 ቀን 2020 ነው። ጨረታው የተካሄደው ገና አራት ወር ሳይሞላ፣ ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ነበር። የቦንሃምስ ግምት ስሙን ጭምር ቆጥሮ የወጣ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። መቁጠር ያልቻለው የሰውን ስሜት ነው። ለዚያ ደግሞ ያለፈ ጨረታ ዝርዝር አይረዳም።

ስም ሲጨመር ዋጋ ይተኮሳል ማለት ነው? ቸኩሎ ‹‹አዎ›› የሚል ሰው ሁለት ጨረታዎችን ጎን ለጎን ይይ። አንደኛው በፌብሩዋሪ 2015 ፓሪስ ላይ የተካሄደው የአርትኩሪያል ጨረታ ነው። የ1961 ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ የፊልም ተዋናዩ አላን ደሎን የነበረች፣ ለዓመታት ፈረንሳይ ውስጥ ጋራዥ ውስጥ ተረስታ፣ አቧራ ጠጥታ፣ በላይዋ የድሮ መጽሔት ተከምሮባት የተገኘች። ማንም አላጠባትም፤ ሳትታጠብ መቅረቧ ነው ያስወደዳት። ግምቷ ከ9.5 እስከ 12 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ 16.3 ሚሊዮን አወጣች። የደሎን ስም ረድቷል። ነገር ግን በዚህ አጭር ሻንሲ የተሠሩት ስፓይደሮች 56 ብቻ ስለሆኑ፣ ስሙ ባይኖርም ሚሊዮኖች ማውጣቷ አይቀርም ነበር።

ሁለተኛው የማራዶና የራሱ ነው። በዲሴምበር 2021፣ ፖርሿ በተሸጠች በዘጠኝ ወሯ፣ በአርጀንቲና ፍርድ ቤት ፈቃድ የሟቹ ንብረት በኢንተርኔት ለጨረታ ቀረበ። ለወላጆቹ የገዛው ቤት በ900 ሺህ ዶላር መነሻ፣ ሁለት ቢኤምደብሊው መኪኖች አንዱ በ225 ሺህ ሌላው በ165 ሺህ ዶላር መነሻ። ስሙ ያው ስም ነው፤ ባለቤትነቱም የማያጠራጥር። ቤቱንም ሆነ መኪኖቹን የፈለገ አልተገኘም! የጨረታው ጠቅላላ ገቢ 26 ሺህ ዶላር አካባቢ ሆኖ ቀረ።

ቢኤምደብሊዎቹ ገና አዲስ መኪኖች ነበሩ። እንደነሱ ያለ በየከተማው ይሸጣል፤ ዋጋቸውም ወደ ታች የሚወርድበት ዕድሜ ላይ ነበሩ። በዚያ ላይ ሻጮቹ ስሙን ከወዲሁ መነሻ ዋጋው ላይ ጭነውታል። ቦንሃምስ ዝቅ ባለ ግምት ሰውን ወደ ጨረታው ጠራ፤ ሽቅብ የወሰዱት ተጫራቾቹ ናቸው። ቦነስ አይረስ ላይ ግን ተጫራቹ ገና በሩ ላይ ሳለ የመጨረሻውን ዋጋ ተጠየቀ። እናም ከበሩ ተመለሰ። የፖርሿ ዓይነት ግን ስሙ ቢፋቅ እንኳ ፈላጊ አላት፤ ስሙ የመጣው በዚያ ላይ ተጨምሮ ነው።

አሁን ጉዳዩ የገዢው ነው። ነገ ልሽጣት ቢል 483 ሺህ ዩሮዋን ታወጣለች? የጨረታ ዋጋ እዚያ እንዲደርስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው እስከ መጨረሻዋ ደረጃ ይገፋዋል። አሸናፊው አሁን ሻጭ ሆኗል። ያ ሁለተኛው ሰው ዛሬም ገንዘቡንና ፍላጎቱን ይዞ መጠበቁን የሚያውቅ የለም፤ ሌላም ተፎካካሪ ያስፈልገዋል። ደግሞም ጨረታ ቤቶች የሚያስታውቁት ዋጋ የገዢውን ኮሚሽን የጨመረ ነው፤ መዶሻው ያረፈበት ዋጋ ከዚያ ያንሳል፣ ሻጭ እጅ የሚገባውም በዚያው ልክ። ስለዚህ ሰውዬው ሳያተርፍም ሳይከስርም ለመውጣት ብቻ፣ የጋራዡን፣ የኢንሹራንሱንና የጥገናውን ሳይቆጥር፣ ቀጣዩ ጨረታ ከ483 ሺህ ዩሮ በላይ ማለፍ አለበት።