በምርጫ ታጥቶ በሹመት የተያዘው የአዲስ አበባ ወንበር

ከሶዶ፣ ሲያትል፦ የሕዝብ ድምፅ የሚነጠቀው በኮሮጆ ብቻ አይደለም፤ በሹመትም ይነጠቃል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። በዚያው ምሽት አቶ መለስ ዜናዊ ሰላማዊ ሰልፍን ለአንድ ወር አገዱ፤ የመዲናይቱን የጸጥታ ኃይልም በቀጥታ በሥራቸው አደረጉ። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ ቢሯቸው ሳይገቡ በ1998 ዓ.ም. ወኅኒ ወረዱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ አልጀመረም ተባለና በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ፤ እስከ 2000 ዓ.ም. ቆየ።

አደራ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን አልተጠየቀም። እኛ በስደት ያለን ወገኖች ስለ ምርጫ ስንነጋገር ማን አሸነፈ ብለን ብቻ አናብቃ፤ ከቆጠራው እስከ ርክክቡ ድረስ ሿሚው ማን ነው፣ ጠመንጃውስ በማን እጅ ነው ብለን እንጠይቅ።