የግል ከፍተኛ ትምህርት፦ ዕድሉ ለማን፣ ዕዳው በማን ላይ?

ትምህርት በማናቸውም ኅብረተሰብ ውስጥ ከሠርቶ አደሩ ሕዝብ ኑሮ ተነጥሎ በራሱ ሕግ ብቻ የሚንቀሳቀስ ነገር አይደለም። ማን ይማራል? ምን ይማራል? ወጪውንስ የሚሸከመው ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ምን ጊዜም የኅብረተሰቡን አቋም የሚያንጸባርቁ ጥያቄዎች ናቸው። በታዳጊ አገሮች በፍጥነት እየተስፋፋ የመጣውን የግል ከፍተኛ ትምህርት ስንመረምር መነሻ የምናደርገው እነዚህኑ ጥያቄዎች ነው። ጉዳዩን የምናየውም ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በባሮ ወንዝ ዳር ከምትገኘው ከጋምቤላ ከተማ ነዋሪና ሠራተኛ አንፃር ይሆናል። ምክንያቱም የአንድ አሠራር ጥንካሬም ሆነ ድክመት ጎልቶ የሚታየው ከመሐል ይልቅ በዳር ነው።

የመስፋፋቱ መሠረታዊ ምክንያቶች

ለመሆኑ የግል ከፍተኛ ትምህርት እንዲህ ሊስፋፋ የቻለው ለምንድን ነው? አንዳንዶች ምክንያቱ የባለሀብቶች ትርፍ ፈላጊነት ብቻ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የመንግሥት ተቋማት ድክመት ብቻ ነው ሲሉ ይደመጣሉ። ሁለቱም አባባሎች የእውነቱን አንድ ጎን ይዘው ሌላውን የሚስቱ ናቸው።

እንደሚታወቀው አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ከነፃነት ማግሥት ያቋቋሟቸው ዩኒቨርሲቲዎች የመንግሥት ነበሩ። ዓላማቸውም በቅኝ ገዢዎች ተይዞ የቆየውን የአስተዳደርና የሙያ ቦታ በአገር ልጅ መተካት ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የውጭ ዕዳ የመንግሥታቱን ካዝና አራቆተ። በዚያው ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያጠናቅቀው ወጣት ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ያድግ ስለ ነበር በፈላጊውና በሚገኘው ቦታ መካከል ሰፊ ክፍተት ተፈጠረ። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ከፍተኛ ትምህርት ባወጣው ሪፖርት ታዳጊ አገሮች የግል ተቋማትን እንዲያበረታቱ፣ ተማሪዎችም ወጪውን እንዲጋሩ መከረ። ከዚያ ወዲህ የሆነው ግልጽ ነው። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ሦስት የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ እንዲጀምሩ ፈቀደች። በብራዚል ዛሬ ከአራት የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ሦስቱ ያህል የሚማሩት በግል ተቋማት ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃም ሲሶው ያህል ተማሪ በዚሁ መንገድ ይማራል።

በአገራችንም ሂደቱ ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ከጀመረ በኋላ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል የከፍተኛ ትምህርት በር እጅግ ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛወሩ። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ ኢትዮጵያ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባውና የዓለማያው፣ ሁለት ብቻ ነበሩ። ፖሊሲው ለግል ባለሀብቶች በሩን ከፈተ፤ በ1990ዎቹ መግቢያም ዩኒቲ፣ ቅድስት ማርያም፣ አድማስና ሌሎችም ኮሌጆች ብቅ አሉ። አዋጅ ቁጥር 351/1995 ለዘርፉ ሕጋዊ መሠረት ሲሰጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ኤጀንሲም አቋቋመ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሲሆኑ የግል ተቋማት ግን በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው።

የጋምቤላ ተጨባጭ ሁኔታ

ጋምቤላ ከሩቅ የሚመጣ ነጋዴን የምታውቅ ከተማ ናት። በ1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ክረምት በገባና ወንዙ በሞላ ቁጥር ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ዋጋው የሚቆረጠው በሩቅ ቢሆንም ገዢው የሚገዛውን ነገር በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ነበር። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ዘመናዊ ትምህርት ግን ወደዚህ አካባቢ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ክልሉ ዛሬ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለው፤ ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት የተቋቋመው ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም በከተማዋ ይገኛል። ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም። ሆኖም ፈላጊው ብዙ ነው። ከኑዌር ዞን ከአኮቦና ከጅካዎ፣ ከአኙዋ ዞን ከጎግና ከዲማ፣ ከማጃንግ ዞን ከጎደሬ የሚመጣው ወጣት አለ። በክልሉ መጠለያ ጣቢያዎች የሚገኙት የደቡብ ሱዳን ስደተኞችም በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የትምህርት መብታቸውን አውቆላቸዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ሥራውን ትቶ መማር የማይችለው ሠራተኛ አለ። በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር የሁለት ልጆች እናት አለች እንበል። መንግሥት ሩቅ አገር ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ቢመድባት ልጆቿን ለማን ትታ ትሄዳለች? ለእርሷ የማታው ክፍል፣ የቅዳሜና እሑዱ ትምህርት፣ በርቀት የሚላከው ሞጁል ብቸኛ መንገድ ነው። እንግዲህ የግል ኮሌጅን በጅምላ የሚያወግዝ ሰው በመጀመሪያ ለዚህች ሠራተኛ ምን አማራጭ እንዳዘጋጀላት ሊነግራት ይገባል።

የጅምላ ክልከላ መፍትሔ እንዳልሆነ ከራሳችን ታሪክ መማር ይቻላል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርትን አግዶ፣ የግል ተቋማትም በሕግና በመምህርነት ሙያ እንዳያሠለጥኑ ከልክሎ ነበር። የጥራት ሥጋቱ መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ የርቀት ትምህርት ሲዘጋ ብዙ አማራጭ ካለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ይልቅ ይበልጥ የሚጎዳው በዳር አገር የሚኖረው ሠራተኛ ነው። የርቀቱ እገዳም ብዙ ሳይቆይ በቅድመ ሁኔታ ተነሣ።

መሠረታዊው ቅራኔ

እንዲህ ሲባል ግን በዘርፉ ውስጥ ያለውን መሠረታዊ ቅራኔ መሸፋፈን አይገባም። ይኸውም ትምህርት ማኅበራዊ ጥቅም ሆኖ ሳለ እንደ ሸቀጥ መሸጡ ነው።

ቀደም ሲል ያነሣነውን የባሮን ገበያ እናስታውስ። ጨው ይቀመሳል፤ ጨርቅ ይዳሰሳል። ገዢው ያልወደደውን ትቶ ይሄዳል። ትምህርት ግን ከተከፈለበት በኋላ፣ ያውም ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ብቻ ምንነቱ የሚታወቅ ነገር ነው። ሻጩ ገንዘቡን በየሴሚስተሩ አስቀድሞ ይቀበላል፤ ገዢው ግን ያገኘው ዕውቀት ይሁን ወረቀት የሚረዳው በመጨረሻ ነው። ከሻጩና ከገዢው ማንኛው ይበልጥ ለአደጋ እንደ ተጋለጠ ለማንም ግልጽ ነው።

ሁለተኛው የቅራኔው ገጽታ የትምህርቱ ዓይነት ነው። የሒሳብ አያያዝንና የሥራ አመራርን ለማስተማር የኪራይ ክፍል፣ ሰሌዳና አንድ መምህር ሊበቁ ይችላሉ። ለእንስሳት ሕክምና፣ ለመስኖ፣ ለግብርናና ለላቦራቶሪ ሙያ ግን መሣሪያና የተግባር መስክ ያስፈልጋል። ስለዚህ ትርፉን የሚያሰላ ተቋም ወጪ ወደሚያንስበት ማዘንበሉ የማይቀር ነው። ጋምቤላ ግን የምትፈልገው ምንድን ነው? ክልሉ የአልዌሮ ግድብን የያዘው የአቦቦ መሬት፣ የባሮ ዓሣ፣ የኑዌር ከብት፣ የማጃንግ ቡናና ደን ያለው፣ ወባም የሕዝቡን ጉልበት የሚፈታተንበት ክልል ነው። የሚያስፈልገው ባለሙያና በርካሽ የሚመረተው ባለሙያ አንድ አይደሉም። ይህን ክፍተት ገበያው በራሱ ይሞላዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ቁጥሮች ምን ይላሉ?

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በመላው አገሪቱ በተሰጠው የመውጫ ፈተና 150,184 ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ 72,203ቱ፣ ማለትም ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው፣ ከግል ተቋማት የመጡ ነበሩ። ይህ ቁጥር ብቻውን የግል ከፍተኛ ትምህርት ዳር ላይ የቆመ ነገር አለመሆኑን ያስረዳል። ውጤቱ ግን የሚያሳስብ ነው። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች መካከል 62.37 በመቶው ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 12,422 ወይም 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። በአጭሩ፣ ከፍለው ከተማሩ ስድስት ሰዎች አምስቱ ያህል በዚያ ዙር ዲግሪያቸውን ሊይዙ አልቻሉም።

ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድመው የሚወስዱት የተሻለ ነጥብ ያለውን ተማሪ ነው። ወደ ግል ኮሌጅ ከሚገቡት መካከል ግን ነጥብ ያልሞላላቸውና ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ ብዙ ናቸው። ችግሩም ከሥር የሚጀምር ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህም በላይ አማካይ ቁጥር በርትቶ የሚያስተምረውን ኮሌጅና ክፍያ ብቻ የሚሰበስበውን አንድ ላይ ይደምራል። ስለዚህ ለሕዝቡ የሚጠቅመው ጠቅላላ ነቀፌታ ሳይሆን ብርቱውን ከደካማው የሚለይበት መንገድ ነው።

ዕዳው በማን ላይ ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ከብት አርቢው አባት የልጁን ክፍያ ለመሸፈን ከብት ሲሸጥ፣ ሠራተኛው ከወር ደመወዙ ሲቆርጥ፣ ዘመድ አዝማድ ሲያዋጣ የሚወጣው ገንዘብ የትርፍ ገንዘብ አይደለም፤ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው። ተማሪው ሲወድቅ ከብቱ አይመለስም፤ የተቆረጠውም ደመወዝ አይተካም። ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ቢቻልም ዳግመኛ መዘጋጀት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ኮሌጁ ግን በዚያው ዓመት አዲስ ተማሪ ይመዘግባል። እንግዲህ የትምህርቱ ዕድል ለሁለቱም ወገን ሆኖ፣ የውድቀቱ ዕዳ ለአንደኛው ወገን ብቻ የሚተርፍበት አሠራር ፍትሐዊ ነው ሊባል አይችልም።

ይህ ሁኔታ ሊለወጥ የማይችል ዕጣ ፈንታ አይደለም። በቺሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ተማሪዎችና ቤተሰቦቻቸው በትምህርት መነገድን ተቃውመው አደባባይ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ወጣቶች፣ በመንግሥትም ሆነ ሥርዓቱን በተቀበሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች፣ ያለ ክፍያ መማር ጀመሩ። አገራችን ያን ያህል ሀብት የላትም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ ከፋዩ ሕዝብ በተደራጀ መንገድ ሲጠይቅ አሠራር ይለወጣል።

ምን መደረግ አለበት?

በዚህ ረገድ የቀበሌ ነዋሪዎች፣ የዕድርና የሠራተኛ ማኅበራት አባላት ድርሻ ከፍተኛ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ጠይቆ መልስ ባያገኝ መቶ ቤተሰብ በማኅበሩ በኩል ሲጠይቅ መልስ ይገኛል። ስለሆነም የመጀመሪያው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉት ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይገባል እንላለን።

አንደኛ፣ ፈቃዱ የምን ፈቃድ ነው? የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጥቅሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ለሚገኘው ዋና ግቢ የተሰጠ ፈቃድ ለጋምቤላው ቅርንጫፍ ዋስትና አይሆንም፤ ለቀን ትምህርት የተሰጠውም ለርቀቱ አያገለግልም። የሚያበቃበት ቀንም መታየት አለበት። ጥርጣሬ ሲኖር ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ይገባልም።

ሁለተኛ፣ ይኸው ቅርንጫፍ በዚሁ የትምህርት መስክ ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? ውጤቱን በኩራት የማይነግር ኮሌጅ ዝምታው ራሱ መልስ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚያስተምረው ማን ነው? ቋሚ መምህራን አሉት ወይስ ከሌላ ሥራቸው ተርፈው ብቅ የሚሉ ብቻ? ቤተ መጻሕፍቱና የተግባር መለማመጃው የት ነው? ማኅበሩ ሦስት ሰዎች መርጦ ልኮ በዓይን ቢያይ ነውር የለበትም።

አራተኛ፣ ቅርንጫፉ ቢዘጋ ወይም ፈቃዱ ባይታደስ የተከፈለው ገንዘብና የተማሪው ማስረጃ ምን ይሆናል? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ሊሆን ይገባል።

ይሁንና ኃላፊነቱን ሁሉ በነዋሪው ላይ መጣል አይቻልም። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የየቅርንጫፉን የመውጫ ፈተና ውጤት ተራው ሰው በሚያየውና በሚገባው መንገድ ይፋ ቢያደርግ ከብዙ መመሪያ ይበልጥ ይሠራል። የክልሉ መስተዳድርም ለሚያስፈልጉት የግብርና፣ የውሃና የጤና ሙያዎች ብቁ የሆኑ የግል ተቋማትን በመሬትም ሆነ በክፍያ ድጋፍ ሊያበረታታ ይችላል። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲና ሌሎች የመንግሥት ተቋማትም የማታና የቅዳሜና እሑድ ክፍሎችን ባሰፉ መጠን ሠራተኛው የሚያወዳድረው ነገር ያገኛል፤ ማወዳደር የሚችል ከፋይ ደግሞ በቀላሉ አይታለልም።

የግል ከፍተኛ ትምህርት ጠላት አይደለም፤ አዳኝም አይደለም። በጋምቤላ ለብዙ ሠራተኛ የተገኘ በር ነው። በሩ ወደ ዕውቀት የሚያስገባ ይሁን ወደ ዕዳ፣ የሚወሰነው በተቋሙ ሕሊና ብቻ ሳይሆን በሕጉ ጥንካሬና በከፋዩ ሕዝብ ንቃት ነው። ከባሮ ዳር ገበያ ጨው ቀምሶ፣ ጨርቅ ዳስሶ ይገዛ የነበረው የከተማው ነዋሪ የልጁን የነገ ሕይወት ሲገዛ ሳይጠይቅ ሊከፍል አይገባም።